«ስምህ ይቀደስ» ብሎ ጸልዮ ሱቅ ለሚከፍት ሰው

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የልብስ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ሳይማል ዕቃ አይሸጥም። ‹እግዚአብሔርን በዚህ ዋጋ አልገባልኝም›፣ ‹ማርያምን የመጨረሻው ነው› ስል እውላለሁ። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ሰማኝና ‹የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ እየጠራህ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ከአፌ እንዳይወጣ እየታገልኩ ነው። ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ማለት ራሱ ያስፈራኝ ጀምሯል። የእግዚአብሔርን ስም ማክበር ማለት ምን ማለት ነው? ስሙን ጨርሶ አለመጥራት ነው? አሠሪዬ ማል ቢለኝስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ብሉይ ኪዳን በማስተምርበት ክፍል ይሄ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ ግን ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሌላ ሰው አንደበት ነው። አንተ ስለ ራስህ ጠየቅህ። «አብዛኛውን ጊዜ አይደለም» ብለህም እውነቱን ነገርከኝ። እኔም ሳልሸፋፍን ልመልስልህ።

ከፍርሃትህ ልጀምር። «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለትህን አትተው፤ ምስጋና ነው። የእኛ ሰው ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ ስንብቱ ሁሉ በእግዚአብሔር ስም ነው። ውለታ ለዋለልን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንላለን። ለታመመ «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ ለሐዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንላለን። መጽሐፈ ሩት ላይ ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲመጣ አጫጆቹን «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» አላቸው። እነሱም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ብለው መለሱለት። ማንም አልነቀፋቸውም። እንዲያውም ታሪኩ ዝቅ ሲል ያው ቦዔዝ ለአንዲት ባዕድ አገር መበለት ሆን ተብሎ ነዶ እንዲተውላት ሲያዝ እናየዋለን። የሰላምታው ቃልና የእርሻው ሥራ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ይቺን ነገር ያዝልኝ፣ የቀረው መልሴ በሙሉ ከእሷ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ትእዛዙ እንምጣ። «የእግዚአብሔር የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» ይላል ዘጸአት 20፥7። ከአሥሩ ሁለተኛው ነው የሚሉ አሉ፣ ሦስተኛው ነው የሚሉም አሉ፤ አቆጣጠሩ እንደየቤተ ክርስቲያኑ ይለያያል። በእግዚአብሔር ስም በሐሰት መማልን የሚከለክለው ቃል ደግሞ ዘሌዋውያን 19፥12 ላይ ይገኛል። ሰዎች ይህን ቁጥር ብቻውን ነጥለው ይጠቅሱታል። አንተ ግን ዙሪያውን አንብበው። ከበላዩ ያለው ቁጥር «አትስረቁ፣ አትዋሹ፣ ባልንጀራችሁን አታታልሉ» የሚል ነው። ከበታቹ ያለው የቀን ሠራተኛ ደመወዝ እስከ ነገ ጠዋት አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ቀጥሎ መስማት የተሳነውን አትስደብ፣ በዓይነ ስውር ፊት መሰናክል አታኑር ይላል። ምዕራፉ መጨረሻው አካባቢ ሚዛን ላይ ይደርሳል፤ መለኪያውም መስፈሪያውም እውነተኛ ይሁን ይላል። እንግዲህ የስሙ ነገር የተጻፈው ገበያ መሃል ነው። ወዙን ጠብ አድርጎ የማታ ሒሳቡን በሚጠብቅ ሰውና በተሰበረ ሚዛን ፊት በቆመ ገዢ መካከል ነው የተቀመጠው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። «እግዚአብሔርን!» ስትል እግዚአብሔርን ለንግግርህ ዋስ አድርገህ እየጠራኸው ነው። አንዲት እናት መስከረም ሲጠባ ለልጇ ሹራብ ልትገዛ መጣች እንበል። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ታሸዋለች። ንጹሕ ሱፍ ይሁን ቅይጥ አታውቅም። ሲታጠብ ይጨማተር አይጨማተር አታውቅም። ገንዘቧን ከመቀነቷ ፈትታ ይዛ ዓይንህን ታያለች። አንተ «እግዚአብሔርን፣ ዓመት ሙሉ ቢለብሰው ንቅንቅ አይልም» አልካት። ከፈለችህ። አንተን ስላመነች አይደለም፤ ከየት ታውቅሃለች? የጠራኸውን አምና ነው የከፈለችው። ሹራቡ በሁለተኛው አጠባ ሲበላሽ ልጇ ትምህርት ቤት በብርድ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ለሚቀጥለው ሻጭ ስትነግረው «አይ፣ ባለፈውም እግዚአብሔርን ብለውኝ ነበር» ትላለች። ስሙ የረከሰው እዚያ ላይ ነው። የእሷ እምነት ላይ ነው ጉዳቱ የደረሰው።

«እንግዲያው እግዚአብሔርን ትቼ ማርያምን እላለሁ፣ ማተቤን እላለሁ፣ እናቴ ትሙት እላለሁ» የሚል አለ። ጌታችን በተራራው ስብከት ይህን በር ዘግቶታል። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች የእግዚአብሔርን ስም ላለመጥራት ሲሉ በሰማይ፣ በምድር፣ በኢየሩሳሌም፣ በራሳቸው ይምሉ ነበር። እሱ ግን ሰማዩ የእግዚአብሔር ዙፋን ነው አላቸው፣ ምድሪቱ የእግሩ መረገጫ፣ ኢየሩሳሌምም የታላቁ ንጉሥ ከተማ። በማንም ብትምል የምትጠራው የእሱን ነው። ስለዚህ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» አለ። አንዲቱን ቃል በሌላ ቃል መተካት አያወጣህም። ሹራቡ አሁንም ቅይጥ ነው፣ ልጁም አሁንም ይበርደዋል።

አሁን በጣም ወደምወደው፣ ደግሞም በጣም ወደሚያስፈራኝ ክፍል ልውሰድህ። ኤርምያስ 34 ነው። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 588 ገደማ ነው። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ይሁዳን ወርሯል። ከተመሸጉት ከተሞች መካከል ከኢየሩሳሌም ሌላ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ለኪሶና ዓዜቃ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ጭንቅ ነው። ንጉሡ ሴዴቅያስ ከሕዝቡ ጋር ቃል ኪዳን አደረገ፤ ዕብራዊ ባሪያ ያለው ሁሉ ወንዱንም ሴቷንም ነጻ ያውጣ ተባለ። ነገሩ አዲስ አልነበረም። ሕጉ ድሮም በሰባተኛው ዓመት ልቀቁ፣ ስትለቁም ባዶ እጁን አትስደዱት ይል ነበር። ለዘመናት ሳይፈጽሙት ቆይተው ጠላት ደጅ ሲደርስ ትዝ አላቸው። ቃል ኪዳኑንም በቤተ መቅደሱ አደረጉት። እንቦሳ ለሁለት ሰንጥቀው በቁራጮቹ መካከል አለፉ። ቃሌን ባጥፍ እንደዚህ እንቦሳ ልሁን ማለት ነው። መኳንንቱ አለፉ፣ ካህናቱ አለፉ፣ ሕዝቡም አለፈ። ባሮቹ ተፈቱ።

ከዚያ የግብፅ ጦር ከደቡብ መጣ ተባለ። ባቢሎናውያን ከበባውን ለጊዜው ትተው ሊገጥሙት ሄዱ። ኢየሩሳሌም ተነፈሰች። የተነፈሱት ጌቶች መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምን ይመስልሃል? የለቀቋቸውን ሰዎች ሄደው መልሰው ያዙ። ለጥቂት ጊዜ የራሷን እንጀራ ጋግራ የበላች ሴት እንደገና የጌታዋን ወፍጮ ልትገፋ ተጎተተች። እግዚአብሔር በኤርምያስ በኩል የተናገረውን ስታነብ ልብ በል። «ባሮቹን በደላችሁ» ብሎ ብቻ አላለፈም። በስሜ በተጠራው ቤት ቃል ገብታችሁ ነበር፣ ተመልሳችሁም ስሜን አረከሳችሁ አላቸው። ማንም እግዚአብሔርን አልሰደበም። ጣዖት ስለ ማምለክም እዚህ ላይ አንድ ቃል አልተነሣም። ስሙን ያረከሰው የነዚያ ሰዎች ወደ ባርነት መመለስ ነው።

በዚህ ላይ የምጨምርልህ አንድ ነገር አለ፣ ሳስበው ሁሌ ይገርመኛል። በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ጄምስ ስታርኪ የጥንቷን ለኪሶን ሲቆፍር፣ በከተማዋ በር ላይ ካለ የዘበኞች ክፍል በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስባሪዎች አገኘ። የጦር መኮንኖች የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ብዙ ሊቃውንት የኤርምያስ 34 ዘመን ናቸው ይላሉ። አንደኛው ላይ ጸሐፊው የለኪሶን የእሳት ምልክት እየጠበቅን ነው፣ ዓዜቃን ግን ማየት አልቻልንም ይላል። ኤርምያስ የጠራቸው ሁለቱ ከተሞች እነዚሁ ናቸው። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ሲከፈቱ የእግዚአብሔርን ስም ያህዌ ተብለው በሚነበቡት በአራቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ጠርተው ለአለቃ የሰላም ወሬ እንዲያሰማ ይለምናሉ። ሆሻያሁ የሚባል አንድ መኮንን ማንበብ አትችልም የተባለ መስሎት ተቆጥቶ በሕያው እግዚአብሔር ምሎ፣ ደብዳቤ ሌላ ሰው አንብቦልኝ አያውቅም ሲል ጽፏል።

ልክ እንደ እኛ አይደሉም? ሰላምታቸው በስሙ፣ መሐላቸው በስሙ። ስሙ በሰው ሁሉ አፍ ነበር። አገሪቱ የፈረሰችው ስሙ ስለጠፋ አልነበረም። ሆሻያሁን አልወቅሰውም፤ ምናልባት እውነቱን ነው። ነገር ግን ስሙ በየደብዳቤው በሚጻፍበት በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሕዝብ መካከል የተፈታ ባሪያ ዳግም ይታሰር ነበር። አንድ ሕዝብ ስሙን በአፉ ሞልቶ በእጁ ሊያረክሰው ይችላል። ይህ ስለ እኛም ያሳስበኛል።

ከዚያ በኋላ ከተማዪቱ ወደቀች፣ ሕዝቡም ተማረከ። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 36 የሚነግረን ይሄን ነው። ሕዝቡ በሄደበት አገር ሁሉ ሰዎች «እነዚህ የእግዚአብሔር ሕዝብ ናቸው፣ ነገር ግን ከምድሩ ወጡ» እያሉ ያወሩ ነበር። ስሙ በሕዝቡ ምክንያት መዘባበቻ ሆነ። ጳውሎስም በሮሜ 2፥24 «በእናንተ ሰበብ የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ መካከል ይሰደባልና» ያለው ከነቢያት የወሰደውን ይህንኑ ሐሳብ ነው። እግዚአብሔር ግን በሕዝቅኤል በኩል ታላቁን ስሜን እኔ እቀድሰዋለሁ አለ። እንዴት? ከየአገሩ እሰበስባችኋለሁ፣ ንጹሕ ውኃ እረጭባችኋለሁ፣ የድንጋዩን ልብ አውጥቼ የሥጋ ልብ እሰጣችኋለሁ ብሎ። ስሙን የሚቀድሰው ሕዝቡን በመለወጥ ነው።

ጠዋት ጠዋት በአቡነ ዘበሰማያት «ስምህ ይቀደስ» ስትል የምትለምነው ይሄንን ነው ብዬ አምናለሁ። ልመና ነው፤ አባትህን «አንተ አድርገው» እያልከው ነው። የእግዚአብሔር ስም ቅድስና የሚጎድለው ሆኖ አንተ አትሞላለትም። ልመናው ግን አንተንም አይተውህም፤ የድንጋዩን ልብ አውጣ ካልከው ከማን ልብ ሊጀምር ነው? ይህን ጸሎት ጸልዮ ሱቅ የሚከፍት ሰው የመጀመሪያው ደንበኛ ሲገባ መልሱ ሊመጣ እንደሚችል ይጠብቅ።

«ትክክለኛው ስሙ ያህዌ ነው፣ ይሖዋ ነው፣ በዚያ ካልጠራነው አላከበርነውም» የሚል ክርክርም ጆሮህ ገብቶ ይሆናል። ብዙ ላልቆይበት። አይሁድ ከአክብሮት የተነሣ አራቱን ፊደላት ማንበብ ትተው ጌታ በሚል ቃል ተኩት። ሐዋርያትም በግሪክኛ ሲጽፉ ጌታ እያሉ ነው የጻፉት፤ እነሱን ስሙን አላከበሩም የሚል የለም። ለእኔ ከአጠራሩ ይልቅ ዘጸአት 34 ይበልጥብኛል። ሙሴ ክብርህን አሳየኝ አለው። እግዚአብሔር በደመና ወርዶ በፊቱ አለፈና ስሙን ራሱ አወጀ፤ መሓሪ፣ ሞገስ ያለው፣ ታጋሽ፣ ባለ ብዙ ቸርነትና እውነት፣ በደልን ይቅር የሚል፣ በደለኛውንም ከቶ የማያነጻ። የስሙ ትርጉም ይሄ ነው። በዚህ አምላክ ስም የሚጠራ ሰው ምሕረት የሌለው ቢሆን፣ ወይም ውሸታም ቢሆን፣ ሰው ስለ አምላኩ የተሳሳተ ነገር ይማራል።

ስሙን ደግሞ በአፋችን ብቻ አይደለም የያዝነው፤ በላያችን ላይ ነው ያለው። ዘኍልቍ 6 ላይ ካህናቱ ሕዝቡን ሲባርኩ ስሜን በእስራኤል ልጆች ላይ ያደርጋሉ ይላል። እኛ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠመቅን። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣል፤ ገብረ እግዚአብሔር፣ ወለተ ሥላሴ ይባላል። ማተብ ይታሰራል። በወንጌላውያን ዘንድም ሰው አምኖ ውኃ ውስጥ ሲገባ በዚያው ስም ነው። ስለዚህ አፍህን ዘግተህ ብትውል እንኳ ስሙን ይዘህ ነው የምትውለው።

ይህን የምለው ቀላል ስለሆነ አይደለም። መዝሙር ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማበት ቤት አስብ። ግድግዳው ላይ ጥቅስ አለ። ወጥ ቤት ውስጥ ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። ደመወዟ «እኔ አስቀምጥልሻለሁ» ተብሎ ወራት አልፈዋል። ስትጠይቅ «እግዚአብሔርን አትፈሪም? እንደ ልጄ አይደል የያዝኩሽ?» ትባላለች። ወይም ለዓረብ አገር ሥራ የሚመለምል ደላላ የልጅቷን እናት ገጠር ድረስ ሄዶ «በእግዚአብሔር ስም እንደ እህቴ ነው የማያት» ሲላት አስብ። እናትየው ይሄን ስም ስለምታከብር ነው ልጇን የምትሰጠው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሳስብ አንተን ሱቅ ውስጥ ያስጨነቀህ ነገር ትንሽ እንዳይመስልህ እፈልጋለሁ፤ ዘሩ አንድ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ድሆችን ወደ ፍርድ ቤት የሚጎትቱ ባለጠጎችን ሲወቅስ በእናንተ ላይ የተጠራውን መልካሙን ስም የሚሰድቡ እነሱ አይደሉምን ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ውስጤን ስለሚያቃጥለኝ። «እግዚአብሔር እንዲህ ይልሃል» የሚባለው ነገር ነው። እግዚአብሔር ያልተናገረውን በስሙ መናገርን የሚያህል ስሙን በከንቱ መጥራት የለም። ዘዳግም 18 ያላዘዝኩትን በስሜ የሚናገር ነቢይ ይሙት ይላል፤ ኤርምያስ 23 አብዛኛው በዚህ ቁጣ የተሞላ ነው። ዛሬ ታማሚን «ድነሃል፣ ኪኒኑን ጣል» የሚል አለ። ሥራ የፈታን ወጣት «ይህን ያህል ዝራ፣ በዚህ ወር ይከፈትልሃል» የሚል አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ቅዱስ ስሞችን በክታብ ጽፎ ለመፍትሔ ሥራይ የሚሸጥ አለ። ሐዋርያት ሥራ 19 ላይ የአስቄዋ ልጆች የኢየሱስን ስም እንደ መሣሪያ ሊጠቀሙበት ሞክረው ራቁታቸውን ሸሹ። በተቃራኒው ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸውን አስታውሳለሁ። ያ ቃል ስሙን ያከበረ ይመስለኛል። በእግዚአብሔር ስም የታመነ ሰው በዚያ እምነቱ ምክንያት እንዳይሞት ጠብቆታል።

ስሙ ለደካማው መጠጊያ ሆኖ ያገለገለበት ልማድ በአገራችንም ነበር። አያቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ይሉ ነበር። መንገድ ላይ ጉልበተኛ ድሃውን ሲገፋ፣ ድሃው ይህን ከተናገረ ጉልበተኛው ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቆራኝተው ማንም ዘበኛ ሳይነዳቸው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ሁልጊዜ ፍትሕ ይገኝ ነበር አልልህም። ነገር ግን ያ ቃል ጉልበት የነበረው ስሙ ሲጠራ ሰው ስለሚፈራ ነው።

አቡነ ጴጥሮስም ትዝ ይሉኛል። በ1928 ዓ.ም ጣልያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። የተፈለገው ጦር ሊያደርገው ያልቻለውን በእግዚአብሔር ስም ማድረግ ነበር። ጳጳስ ናቸው፤ ሕዝቡ እሳቸው በስሙ የተናገሩትን ይሰማል። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸው ጊዮርጊስ አካባቢ ቆሟል፣ ብዙዎቻችን በሥሩ እናልፋለን። እኔ ሳልፍ የማስበው የአገር ፍቅራቸውን ብቻ አይደለም። የእግዚአብሔርን ስም ለግፍ መሸፈኛ አላውስም ያሉ ሰው ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሱቅህ ልመለስ። ዋጋ መደራደር ኃጢአት ነው ብዬ አላስጨንቅህም። ገዢም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ምሳሌ 20፥14 ገዢው «ክፉ ነው፣ ክፉ ነው» ይልና ሲሄድ ግን ይመካል ይላል። «ሺህ ሁለት መቶ ነው» ብለህ ጀምረህ በሺህ አንድ መቶ ብትሸጥ ሁለታችሁም የገበያውን ደንብ ታውቁታላችሁ። «በዚህ ዋጋ አልገባልኝም» ማለት ግን ሌላ ነው፤ ስለ አንድ ነገር እውነት ወይም ውሸት እየተናገርክ ነው። «ኪሳራ ነው» ካልክ ኪሳራ ይሁን። ካልሆነ «ከዚህ በታች አያዋጣኝም» በል፤ እውነት ነው፣ ይበቃል። ደንበኛው «ማልልኝ» ቢልህ «አልምልም፣ ግን ዕቃውን ልንገርህ» በለው። ከዚያም ንገረው። ይሄ ቀለም ይለቃል፣ ይሄ ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል፣ ይሄኛው ጠንካራ ነው። ገበያህ በዚህ ይደራል ብዬ ቃል አልገባልህም። ሊቀዘቅዝብህም ይችላል።

ፍርድ ቤት ስለሚደረግ መሐላም ብትጠራጠር፣ ክርስቲያኖች እዚህ ላይ አንድ አይደሉም። የሜኖናይት ትውፊት ያላቸው ክርስቲያኖች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጌታን ቃል እንዳለ ወስደው ምንም ዓይነት መሐላ አይምሉም። ሌሎች ጳውሎስ ራሱ በመልእክቶቹ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው ማለቱን ጠቅሰው ለከባድ ጉዳይ፣ ለእውነት የሚደረግ መሐላን ይፈቅዳሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ሹራብ ለመሸጥ ግን ከባድ ጉዳይ የሚባል የለም።

ስለ አሠሪህ። ደንበኛ ፊት አትጋፈጠው። ሱቅ ሲዘጋ፣ ሒሳብ ተሠርቶ ሲያልቅ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» በለው። «ሥራውን በትጋት እሠራለሁ፣ አንድ ብር አላጎድልብዎትም፣ ግን በእግዚአብሔር ስም መማልና ያልሆነውን ሆነ ማለት አልችልም» በለው። ብዙ አሠሪ ለማይዋሽለት ሰው ካዝናውን መተው ይወዳል፤ ሊሰማህ ይችላል። ላይሰማህም ይችላል። ሥራውን ብታጣ ቀላል አይሆንም፤ የቤት ኪራይ አለ፣ ቤተሰብ አለ። ለዚህ ነው ታላቅ ወንድምህንም ይህን መልስ እንዲያነብ የምፈልገው። ስሙን በከንቱ አትጥራ ብሎ የነገረህ ሰው ያን ቃል ስትጠብቅ የሚጎድልብህን አብሮህ ይሸከም። ቤተ ክርስቲያንህም እንደዚሁ። አንድ ወጣት ስለ ስሙ ብሎ ሥራ ሲፈታ ብቻውን እንዲራብ የሚተው ጉባኤ እሱም ስሙን አላከበረም።

ያልጠየቅከኝ አንድ ነገር ይቀራል፤ እስካሁን በሐሰት ምለህ የሸጥከው። ዘሌዋውያን 6 ላይ ባልንጀራውን አታልሎ በሐሰት የማለ ሰው መጀመሪያ የወሰደውን ይመልስ፣ አምስተኛውን እጅም ይጨምር፣ መሥዋዕቱን ከዚያ በኋላ ያምጣ ይላል። ጌታም መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል። የማታውቃቸውን አላፊ አግዳሚ ገዢዎች አታገኛቸውም። ለእነሱ ንስሐ ግባ፣ ዘኬዎስ እንዳደረገው ለድሆችም ስጥ። የምታውቃት ደንበኛ ካለች ግን፣ የሰፈርህ ሰው ከሆነች፣ ሄደህ አግኛት። ጨርቁን ምን ብለህ እንደሸጥክላት፣ እውነቱም ምን እንደነበር ንገራት። ልዩነቱን መልስላት፣ አምስተኛውን እጅ ጨምርበት። አሁን ከሌለህ ደመወዝ የምትቀበልበትን ቀን ንገራት፣ በዚያም ቀን ውሰድላት። ስትነግራት አትማልላት።